ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ስለ አረጀ የጀልባ ሞተርና ስለ ሞጣው ሰባራ ድልድይ

ማንኛውም የሰው እጅ የሠራው ዕቃ አንድ ቀን ማርጀቱ አይቀርም። ጫማ ያረጃል፤ ጣራ ያረጃል፤ ድልድይም ያረጃል። ይሁን እንጂ ዕቃ እንደ ሰው ዕድሜውን በሽበቱ አይናገርም። ዛሬ እምቢ ብሎ የቆመ ሞተር ነገ ካንዴላው ሲጠረግ እንደ አዲስ ይነሣል፤ ትናንት ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ የዋለው ደግሞ ዛሬ በሐይቁ መካከል ጸጥ ይላል። ስለዚህ ንብረት ያለው ሰው ሁሉ፥ የመንግሥትንም ንብረት በአደራ የያዘ ሠራተኛ ሁሉ፥ ሳይወድ በግድ ከአንድ ጥያቄ ፊት ይቆማል፤ ይኸውም «ይህን ነገር ላስጠግነው ወይስ ልለውጠው?» የሚለው ነው።

ጥያቄው ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ገንዘብ ያለው «አዲስ ይገዛ» ይላል፤ ገንዘብ የሌለው «ይጠገን» ይላል። ሁለቱም ግን መልስ የሰጡት ኪሳቸውን አይተው እንጂ ዕቃውን መርምረው አይደለም። የተማረ ወጣት ከዚህ የተሻለ መልስ እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። በዛሬው ጽሑፋችን ይህንኑ ጉዳይ በሁለት ምሳሌዎች እንመለከተዋለን። አንደኛው በሞጣ በኩል በዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ነው፤ ሁለተኛው በጀልባ ኋላ የሚታሰረው ሞተር ነው። ሁለቱ ነገሮች በመጠንም በዓይነትም የማይገናኙ ቢመስሉም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሰውን በደኅና ከውሃው ማዶ ማድረስ ነው። ሲከዱም የሚከዱት በውሃው መካከል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ዓባይ በብቸናና በሞጣ በኩል

ከብቸናም ሆነ ከሞጣ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበትን ደጋ ጥቂት እንደ ተራመደ መሬቱ በድንገት ይቆረጥበታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው፤ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። በገደሉ ሥር የሚፈሰው ዓባይ ጎጃምን እንደ ቀለበት ከብቦ የያዘ ወንዝ ነው። በበጋ ወራት ውሃው ሲጎድል በመሻገሪያው በእግር ወይም በዋና ያልፉታል፤ ዋና የማያውቀውን ሰውና ጭነቱን ደግሞ በነፋስ በተነፋ የፍየል ቆዳ ተደግፈው ዋናተኞች ያሻግሩት ነበር። በክረምት ግን ወንዙ ሞልቶ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ሲወርድ ደፍሮ የሚገባ የለም። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ስፍራ ሞተር ያለው ጀልባ እንኳ ብዙ አይረዳም። በ1968 በካፕቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመሩት የእንግሊዝ አሳሾች ዓባይን በጀልባ በወረዱ ጊዜ ይህንኑ ተረድተው ነበር። ከሻፋርታክ ድልድይ ወደ ታች፥ ወንዙ ሰፋ ብሎ በሚፈስበት ክፍል፥ ሞተር የተገጠመላቸው የጦር ሠራዊት ጀልባዎች ተጠቀሙ። ከጣና እስከ ሻፋርታክ ባለው ድንጋያማና ፈጣን ክፍል ግን በአየር በተነፉ ትንንሽ የላስቲክ ጀልባዎች በመቅዘፊያ ወረዱ። ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት፥ መሣሪያ ከመጠገኑም ከመለወጡም በፊት ለውሃው የተስማማ መሆኑ መታወቅ እንዳለበት ነው። ለቦታው የማይስማማ ዕቃ አዲስም ቢሆን አሮጌ ነው።

እንግዲህ በዚህ ገደል ውስጥ ሰውን ከማዶ ወደ ማዶ የሚያደርሰው ሁነኛ ነገር ድልድይ ነው።

የሰባራ ድልድይ ታሪክ

ጎጃምን ከበጌምድር ጋር ለማገናኘት በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች የሚገኘው የአላታ ድልድይ ሲሆን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በ1626 ገደማ እንደ ተሠራ ይነገራል። ሁለተኛው በሞጣ በኩል የሚገኘው ነው። ይህኛው በዐፄ ፋሲል ዘመነ መንግሥት፥ በ1660 ገደማ፥ በድንጋይና በኖራ ተገንብቶ በቅስቶች ላይ የቆመ ድልድይ ነበር። ነጋዴው በቅሎውን፥ ገበሬው እህሉን፥ ተማሪውም አኩፋዳውን ይዞ ከሁለት መቶ ሰባ ዓመት በላይ ሲመላለስበት ኖሯል።

በጣልያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገርበት ሲባል አርበኞች ከቅስቶቹ አንዱን አፈረሱት ተብሎ ይተረካል። ከዚያ ወዲህ ድልድዩ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ጦርነቱ አለፈ፤ ስብራቱ ግን ሳይጠገን ቀረ። ገበያውና ዘመድ አዝማዱ ግን በወንዙ ግራና ቀኝ እንደ ነበሩ ስለ ኖሩ፥ ሰው መሻገሩን አልተወም። በስብራቱ ወዲህና ወዲያ ጎበዛዝት ቆመው ገመድ ይይዛሉ፤ ተሻጋሪው ገመዱን ታጥቆ ከጥልቁ ውሃ በላይ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጎተታል። ገመዱ ቢበጠስ ወይም የአንዱ እጅ ቢከዳ የሚሆነው ግልጽ ነው። በሽተኛም፥ እርጉዝ ሴትም፥ ሽማግሌም ይህንኑ መንገድ ከመጠቀም በቀር ያላቸው አማራጭ ብዙ ሰዓት ወይም ብዙ ቀን ዞሮ መሄድ ነበር።

በ2000 መጨረሻ ገደማ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት የዚህን መሻገሪያ ፎቶግራፍ አወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባሉ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ፎቶግራፉን አይተው ነገሩ ከልባቸው ስለ ገባ፥ በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋሙ። በ2002 ስብራቱ በብረት ተጋጥሞ ድልድዩ እንደገና ተራማጅ ሆነ። መኪና በማይደርስበት በዚያ ገደል ብረቱ የወረደው በሰው ትከሻና በአጋሰስ ጀርባ ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ2005 ዓባይ ከወትሮው በላይ ሞልቶ የተጋጠመውን ብረት ጠርጎ ወሰደው። ሕዝቡም ወደ ቀድሞው ችግሩ ተመለሰ። ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ2009፥ ያው ድርጅት ተመልሶ መጥቶ በዚህ ጊዜ አሮጌውን መጠገን ትቶ፥ ከጎርፉ ከፍታ በላይ የሚንጠለጠል አዲስ የእግረኛ ድልድይ በብረት ገመድ ሠራ። ይኸውም በአጭር ቃል፥ መጀመሪያ ተጠገነ፤ በኋላ ተለወጠ።

ጥገናው ስሕተት ነበርን?

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ፈጥኖ የሚሰጠው ፍርድ «ድሮውንም አዲስ ቢሠራ ኖሮ ገንዘቡ ባልባከነ ነበር» የሚል ነው። እኛ ግን በዚህ አስተያየት ሙሉ በሙሉ አንስማማም። የ2002ቱ ጥገና ለሦስት ዓመት ያህል ሰውን በእግሩ አሻግሯል። በእነዚያ ሦስት ዓመታት በገመድ ከመንጠልጠል የዳነው ሰው ሁሉ ጥገናው ከንቱ ነበር ቢሉት አያምንም። ደግሞም አሮጌው ግንብ በሁለቱም ወገን ቆሞ ሲታይ፥ የጎደለው አንድ ቅስት ብቻ መሆኑ ሲታወቅ፥ የጎደለውን መሙላት ሊታሰብ የሚገባው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። ቅስቱን ያፈረሰው የግንቡ እርጅና ሳይሆን የሰው እጅ ነበርና።

ጉድለቱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የተጠገነው ክፍል የተቀመጠው በአሮጌው ድልድይ ከፍታ ላይ ነው፤ ስለዚህ የትናንቱን ስብራት ሲጠግን የነገውን ጎርፍ አልተከላከለም። ሁለተኛም፥ ከ2005 እስከ 2009 ያሉት አራት ዓመታት ዋና ትምህርት የሚሰጡን ናቸው። ጥገና ማለት ጊዜ መግዛት ነው። የተገዛው ጊዜ ደግሞ ያልቃል። ጥገናው በተፈጸመበት ዕለት «ይህ ሲያልቅ ምን እናደርጋለን?» ተብሎ ካልታሰበ፥ ጊዜው ያለቀ ዕለት ሰው እንደገና ከገመዱ ሥር ይገኛል።

ከዚህ ጋር የምናስተያየው ሌላ ምሳሌ ከምሥራቅ ጎጃም ሳንወጣ እናገኛለን። ከብቸና ወደ ደጀን ወጥቶ የአዲስ አበባን መንገድ የያዘ ተጓዥ በሻፋርታክ ዓባይን ይሻገራል። በዚያ ስፍራ በ1940ዎቹ የተሠራው የቤቶን ድልድይ ለብዙ ዘመን ካገለገለ በኋላ የዘመኑ ከባድ መኪና ጭነት እየከበደው ሄደ። ይሁን እንጂ እስኪወድቅ አልተጠበቀም። በጃፓን መንግሥት እርዳታ፥ ካጂማ በተባለው የጃፓን የሥራ ተቋራጭ፥ 303 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ከጎኑ ተሠርቶ በ2008 በኢትዮጵያ አዲስ ዓመት ዋዜማ ተመረቀ፤ ስሙም ሕዳሴ ድልድይ ተባለ። በባሕር ዳርም እንዲሁ አሮጌው የዓባይ ድልድይ ገና ሲያገለግል 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲስ ድልድይ ተሠርቶ በ2024 ሥራ ጀምሯል።

እንግዲህ ልዩነቱን እንመልከት። በሰባራ ድልድይ ሰው ያሰበው ከተሰበረ በኋላ ነው። በሻፋርታክና በባሕር ዳር የታሰበው ከመሰበሩ በፊት ነው። በሁለቱ ስፍራዎች አሮጌው ገና ሲያገለግል አዲሱ ተሠራ፤ በአንደኛው ግን ለአያሌ ዓመታት ሰው በገመድ ተንጠለጠለ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። እርግጥ የመኪና መንገድ ባለቤት አለው፤ በገደል ውስጥ ያለ የእግረኛ መንገድ ግን አስታዋሽ ያጣል። ወጣቱ ሹም ልብ ሊለው የሚገባው አንድ ነገር ይህ ነው፤ ብዙ ድምፅ የሌለው ሕዝብ የሚጠቀምበት ዕቃ ሲያረጅ በመዝገብ ላይ ቀድሞ መጻፍ አለበት።

የጀልባው ሞተር ጉዳይ

አሁን ወደ ጣና እንሂድ። በጀልባ ኋላ የሚታሰር ሞተር ለዓለም አዲስ ነገር አይደለም። ከኖርዌይ ወደ አሜሪካ የሄደው ኦሌ ኤቪንሩድ ሞተሩን ለገበያ ማቅረብ የጀመረው በ1909 ነው። በጣና ላይ ግን ለዘመናት የነገሠችው ከደንገል የምትሠራው ታንኳ ነበረች፤ ዛሬም አልጠፋችም። በዓሣ ማስገር ሥራ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች በሰፊው የገቡት የጣና ዓሣ ሀብት ልማት ሥራ በ1986 ከተጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዓሣ አስጋሪውም፥ ወደ ገዳማቱ ሰው የሚያመላልሰውም፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም የሞተር ባለቤት ሆነ፤ ሞተሩም ማርጀት ጀመረ።

ከብቸና ወይም ከሞጣ ትምህርት ቤት ወጥቶ ባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል የተመደበ ወጣት እናስብ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ይቀርብለታል። አንዱ የመካኒኩ የጥገና ዋጋ ነው፤ ሌላው የነጋዴው የአዲስ ሞተር ዋጋ ነው። በየትኛው ላይ ይፈርም? መካኒኩ ጥገና ይኖር ዘንድ፥ ነጋዴውም ሽያጭ ይኖር ዘንድ ይመክሩታል። በጀልባው የሚሳፈሩት ሰዎች ግን በዚያ ክፍል ውስጥ የሉም። ስለ እነርሱ የሚናገር ፈራሚው ራሱ ነው።

ከመፍረዱ በፊት ሞተሩን እንደ ሐኪም ይመርምር፤ ወይም በፊቱ እንዲመረመር ያድርግ። የመጀመሪያው ምርመራ በሽታው የዕለት ሕመም ነው ወይስ የእርጅና? የሚለው ነው። ሞተር እምቢ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ምክንያት ርካሽ ነው። ለወራት የቆየ ቤንዚን ካርቡራቶሩን ይደፍነዋል፤ ካንዴላ ይጠቁራል፤ ውሃ የሚስበው የፖምፓ ላስቲክ ይበላል። በተለይ እምቦጭ የተባለው አረም በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ የማቀዝቀዣውን ውሃ መግቢያ የሚደፍን አንድ ጠላት ተጨምሯል። ውሃ ያጣ ሞተር ይግላል፤ የጋለ ሞተር በጊዜ ካልቆመ ይነክሳል። በእነዚህ ምክንያቶች የቆመን ሞተር «አርጅቷል» ብሎ መጣል፥ ራሱን ያመመውን ሰው መቃብር እንደ መቆፈር ነው።

ሁለተኛው ምርመራ የሲሊንደሩ ግፊት ነው። ካንዴላውን አውጥተው በቦታው የግፊት መለኪያ አስገብተው ሞተሩን ሲያዞሩት ውስጡ ያለው የፒስቶኑና የቀለበቶቹ ጤንነት በቁጥር ይታወቃል። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ጤነኛ ሞተር እንኳ በመለኪያው ላይ የሚያሳየው ቁጥር ከፋብሪካው መጽሐፍ ያነሰ ነው። ይህን ያላወቀ መርማሪ ደኅናውን ሞተር ሞተ ብሎ ይመሰክርበታል። ትክክለኛው ዘዴ ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ነው። ልዩነታቸው ከመቶ አሥር እጅ ካልበለጠ በአብዛኛው ደኅና ናቸው። አንደኛው ከሌላው እጅግ ወርዶ ከተገኘ ግን ቀለበቱ፥ ፒስቶኑ ወይም ጓርኒሲዮኑ መታየት አለበት።

ስለ ጉልበቱም ያው ነው። 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር በጣና ላይ የሚሰጠው ወደ 32 ወይም 33 ገደማ ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራቶሩ ደግሞ ከሚገባው በላይ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ ጭሱም ይበዛል። ይህ የእርጅና ምልክት ሳይሆን የከፍታ ምልክት ነው። መድኃኒቱም የካርቡራቶሩን የቤንዚን ቀዳዳ ወደ ጠበበ መለወጥና ለከፍታው የተስማማ ፕሮፔለር መግጠም ነው። ይህን ሳያደርግ አዲስ ሞተር የሚገዛ መሥሪያ ቤት በአዲሱም ላይ ያንኑ ድካም ያያል፤ ገንዘቡ ሄዶ ችግሩ ይቀመጣል።

ሦስተኛው ምርመራ የታችኛው ማርሽ ቤት ዘይት ነው። ዘይቱ ሲፈስ እንደ ወተት ነጥቶ ከታየ ውሃ ገብቶበታል፤ ፓራኦሊዮው አርጅቷል ማለት ነው፤ ይህ በጊዜ ከተደረሰበት ትንሽ ወጪ ነው። በዘይቱ ውስጥ የብረት ስባሪ ከተገኘ ግን ማርሹ ወይም ኩሽኔታው እየተበላ ነው፤ ወጪውም ከፍ ይላል። ከዚህም ጋር ሞተሩን ከጀልባው የሚያስረው እጀታ ስንጥቅ እንዳይኖረው በእጅም በዓይንም መታየት አለበት። ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ቢበላሽ ሞተሩ ይቆማል፤ ይህ ቢሰበር ግን ሞተሩ ራሱ ወደ ሐይቁ ይገባል።

ለጣና ሞተር አንድ ትልቅ ዕድል አለው። ውሃው ጨው የሌለው ስለሆነ እንደ ባሕር ውሃ ብረትን ቶሎ አይበላም። በምጽዋ ወይም በጅቡቲ ባሕር ላይ በዝገት የሚያልቅ ሞተር በጣና ላይ ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በባሕር አገር ሰዎች የተጻፈውን «ይህን ያህል ዓመት ከሆነው ጣሉት» የሚለውን ምክር እንዳለ መቀበል አይገባም።

አራተኛው ምርመራ ከሞተሩ ውጭ ነው፤ ይኸውም የመለዋወጫ ነገር ነው። የሞተሩ ሞዴልና ተራ ቁጥር ተጽፎ «መለዋወጫው ዛሬ ይገኛልን? በሦስት ዓመትስ ውስጥ ይገኝ ይሆን?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ኤቪንሩድ የተባለው የሞተር ስም ከመቶ ዓመት በላይ ከታወቀ በኋላ በ2020 ባለቤቱ ኩባንያ መሥራቱን አቁሟል። ጥንታዊ ስም እንኳ ዋስትና አይሆንም። በሌላ ወገን ደግሞ በአሜሪካና በኤውሮፓ በጭስ ሕግ ምክንያት ከገበያ የወጣው ካርቡራቶር ያለው ባለ ሁለት ምት ሞተር በአፍሪካ ገና ይሸጣል፤ መካኒኮቻችንም በሚገባ ያውቁታል። ባለ አራት ምቱ አዲስ ሞተር ቤንዚን ይቆጥባል፤ ጭሱም ያነሰ ነው፤ ኤሌክትሪኩና መመርመሪያው ግን የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሊጠግነው የሚችል ሰው በአገሩ የሌለው ሞተር የመጀመሪያው ብልሽት የመጨረሻው ብልሽት ይሆናል።

ሒሳቡ

ምርመራው ካለቀ በኋላ ሒሳብ ይመጣል። ብዙዎች የሚያስተያዩት የጥገናውን ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ጋር ብቻ ነው። ትክክለኛው ግን ዋጋውን ዕቃው ወደ ፊት ለሚያገለግልበት ዓመት ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አዲሱ ሞተር 100 ብር ነው እንበል፤ አሥር ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ዋጋ 10 ብር ነው። ጥገናው 40 ብር ወስዶ ሁለት ዓመት ብቻ ቢያገለግል የዓመቱ ዋጋ 20 ብር ይሆናል፤ ርካሽ የመሰለው ጥገና እጥፍ ተከፈለበት ማለት ነው። ነገር ግን ጥገናው 20 ብር ወስዶ አራት ዓመት ቢያገለግል የዓመቱ ዋጋ 5 ብር ብቻ ነው፤ በዚህ ጊዜ አዲስ የሚገዛ ሰው ገንዘብ ጣለ።

በዚህ ሒሳብ ላይ ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛው ሞተሩ ቆሞ የሚውልበት ቀን ነው። ዓሣ አስጋሪው በቆመበት ቀን ገቢ የለውም፤ የመሥሪያ ቤቱ ጀልባ በቆመበት ቀን በደሴት ላይ ያለ በሽተኛ ሐኪም ቤት አይደርስም። ሁለተኛው በገንዘብ የማይለካው ነገር ነው። ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ይናወጣል። በዚያ ሰዓት ሰው የጫነ ጀልባ ሞተሩ ቢጠፋበት በሒሳብ መዝገብ ላይ የተቆጠበው ገንዘብ ለማንም አይጠቅምም። ስለዚህ ምክንያቱ ያልታወቀ ብልሽት ያለው ሞተር፥ ዛሬ ቢነሣም እንኳ፥ ሰው ማመላለስ የለበትም። ምክንያቱ የታወቀ ብልሽት ይጠገናል፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ግን ተደብቆ ይጠብቃል።

በኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው የሻፋርታክ ምሳሌ ነው። አሮጌው ገና ሲሠራ አዲሱ ይዘጋጅ። አዲሱ ሰው የሚጭነውን ጀልባ ይያዝ፤ አሮጌው ተጠግኖ በዳር ለሚሠራ ቀላል ሥራ ይዋል፤ ወይም በመጠባበቂያነት ይቀመጥ። ይህ የማይቻል ሆኖ ጥገና ብቻ ከተመረጠ፥ ጥገናው ከተፈጸመበት ዕለት ጀምሮ ለአዲሱ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ይቀመጥ፤ መሥሪያ ቤትም ከሆነ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ይያዝ። የሰባራ ድልድይ አራቱ ዓመታት የሚያስጠነቅቁን ይህንኑ ነው።

መዝገብና እጅ

ይህ ሁሉ ምርመራም ሆነ ሒሳብ የሚቻለው የሞተሩ ታሪክ ሲታወቅ ነው። ሞተሩ በስንት ሰዓት ሥራ ዘይቱ ተለወጠ? ፖምፓው መቼ ታየ? ባለ ሁለት ምት ከሆነ ቤንዚኑ ውስጥ የሚገባው ዘይት ልክ ስንት ነው? ለብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ዘይት ነው፤ ከቆዩት ውስጥ ግን እጥፉን የሚፈልጉ አሉ። ልኩን ሳያውቅ በግምት የሚቀላቅል ነጂ አዲሱን ሞተር በአንድ ወር ያስረጀዋል። አንዲት ባለ ሃምሳ ገጽ ደብተር ከሞተሩ ጋር ብትኖርና ነጂው በየቀኑ ሁለት መስመር ቢጽፍባት፥ «ይጠገን ወይስ ይለወጥ?» የሚለው ክርክር ግማሹ ሳይነሣ ያልቃል። በአብዛኛው ጊዜ ሞተሩን የሚገድለው እርጅና ሳይሆን መርሳት ነው።

ይህ ምክር ለጀልባ ብቻ አይደለም። በብቸናም በሞጣም የእህል ወፍጮ ሞተር አለ፤ የውሃ መሳቢያ ፖምፓ አለ፤ የጤና ጣቢያ መኪና አለ። ወፍጮው ሲቆም እናቶች እህላቸውን ተሸክመው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ፖምፓው ሲቆም ልጃገረዶች ከትምህርት ቀርተው ወንዝ ይወርዳሉ። በእነዚህም ላይ ጥያቄው ያው ነው፤ መልሱም የሚገኘው በዚያው መንገድ ነው። ምክንያቱን መመርመር፥ የሚያገለግልበትን ዓመት ማስላት፥ መለዋወጫውንና ጠጋኙን ማወቅ፥ ከሁሉም በላይ ዕቃው ቢከዳ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ማሰብ ነው።

ውድ አንባቢ ወጣቶች ሆይ! ከእናንተ ብዙዎቹ ነገ ከእንዲህ ያለ ወረቀት ፊት ትቀመጣላችሁ። አሮጌውን ሁሉ መናቅ ሥልጣኔ አይደለም፤ አሮጌውን ሁሉ ማቀፍም ቁጠባ አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው፥ ከመፈረማችሁ በፊት ተነሥታችሁ ወደ ጀልባው ውረዱ፤ ዘይቱን በጣታችሁ ንኩ፤ ነጂውን ጠይቁ፤ ከተሳፋሪዎቹም ጋር አንድ ጊዜ ተሻገሩ። በዚያ ጀልባ ላይ የራሳችሁን እናት ለማሳፈር የማትፈሩ ከሆነ ጥገናውን ፈርሙ፤ የምትፈሩ ከሆነ ግን ገንዘቡን ለአዲሱ ፈልጉ።